አንድ ዛይላን በ18 የሴሉሎስ ሰንሰለቶች ላይ፦ የሞዴል ሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

የዕፅዋት ሕዋስ ግድግዳን በአቶም ደረጃ በኮምፒውተር መገንባት ጀምሬያለሁ። ሁሉንም አይደለም። የያዝኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሴሉሎስና ዛይላን። ፔክቲንና ሊግኒን የሚባሉት ሌሎቹ የግድግዳው ክፍሎች ለጊዜው ይቆዩ። እነሱን አሁን ከጨመርኩ የትኛው ምን እንዳደረገ መለየት ያስቸግራል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ዛይላን ዛይሎስ የሚባሉ ስኳሮች ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ ላይ አሴቲልና ግሉኩሮኒክ አሲድ የሚባሉ ተቀጽላዎች አሉ። ይህ ሰንሰለት ሴሉሎስ ላይ ልጥፍ ብሎ እንዲቀመጥ የሚያደርገው የተቀጽላዎቹ ብዛት ነው ወይስ በስንት ስኳር ልዩነት መቀመጣቸው? እኔ ሁለተኛው ነው ብዬ ነው የተነሳሁት። ነገሩ ደግሞ ለኬሚስት ብቻ የሚተው አይደለም። ሴሉሎስ፣ ማለትም የግሉኮስ ስኳሮች ረጅም ሰንሰለት፣ በምድር ላይ በብዛት አንደኛ የሆነው ኦርጋኒክ ፖሊመር ነው፤ ዛይላን ደግሞ ሰፋፊ ቅጠል ባላቸው ዛፎች እንጨት ውስጥ ዋናው ሄሚሴሉሎስ (ግድግዳው ውስጥ ከሴሉሎስ ጋር የሚገኝ ሌላ የስኳር ሰንሰለት) ነው። የእንጨት ጥንካሬም ሆነ ኢንዛይም ገለባን ለመሰባበር የሚገጥመው ችግር ከእነዚህ ሁለቱ መገናኛ ጋር የተያያዘ ነው።

ዛሬ መረጃ ሳሰባስብ ነው የዋልኩት። የሴሉሎስን ቅርፅ ከባዶ መገመት አያስፈልግም። ኒሺያማ፣ ላንጋንና ሻንዚ ሴሉሎስ አንድ ቤታ የሚባለውን የክሪስታል ዓይነት በ2002 በኤክስሬይና በኒውትሮን አውጥተውታል። ኒውትሮኑ ለምን አስፈለገ? ኤክስሬይ ሃይድሮጅንን በደንብ አያይም። የሴሉሎስ ጉዳይ ግን ያለው እዚያው ሃይድሮጅኖቹ ላይ ነው፤ ወዴት እንዳዞሩ ካልታወቀ ሰንሰለቶቹን ምን እንዳያያዛቸው አይታወቅም። ስለዚህ የሃይድሮክሲሎቹን (ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የተጣመሩባቸውን ቦታዎች) ሃይድሮጅን በዲዩቴሪየም፣ በከባዱ ሃይድሮጅን፣ ተክተው ኒውትሮን ለቀቁበት፤ ቦታቸው ታየ።

አንድ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። የዕፅዋት ሞዴል የሚነሳበት ይህ መረጃ የተወሰደው ከተክል አይደለም፤ ቱኒኬት ከሚባል የባሕር እንስሳ ነው። ቱኒኬት የራሱን ሴሉሎስ ይሠራል፣ ክሪስታሉም ትልልቅና የጠራ ነው። የተክል ፋይብሪል (የሴሉሎስ ሰንሰለቶች ጥቅል) ግን ውፍረቱ 3 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ የዲፍራክሽን ምስሉ፣ ማለትም ጨረሩ ተበትኖ የሚሰጠው ምስል፣ ይደበዝዛል። እኔም ከእንስሳው ክሪስታል ቀጭን ፋይብሪል ቆርጬ አውጥቼ ውሃ ውስጥ ስከተው የሚሆነውን ማየት አለብኝ ማለት ነው።

ማክሰኞ ማታ

ግንባታው ተጀመረ። ሴሉሎስ ውስጥ ግሉኮስ ከግሉኮስ ጋር የሚያያዘው በቤታ 1፣4 ትስስር ነው፤ እያንዳንዱ ግሉኮስ ከቀደመው አንጻር 180 ዲግሪ ይገለበጣል። ሁለት ግሉኮስ ሲሞላ ቅርፁ ይደገማል፣ የሁለቱ ርዝመት 10.38 አንግስትሮም (አንዱ የናኖሜትር አንድ አስረኛ) ነው። የቀሩት ሁለት የክሪስታል ጎኖች 7.784 እና 8.201 አንግስትሮም ናቸው፤ ጋማ የሚባለው ማዕዘን 96.5 ዲግሪ።

ወደ ፊት ከመሄዴ በፊት ጥግግቱን በወረቀት አሰላሁት። አንዱ የክሪስታል ክፍል አራት ግሉኮስ ይይዛል፤ ይዘቱ 658 ኪዩቢክ አንግስትሮም ይመጣል፤ ጥግግቱ 1.64 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር። ለክሪስታል ሴሉሎስ የሚጠበቀውም ይሄው ነው። ይቺን ሒሳብ ሥራውን የሚጀምር ሁሉ ቢሠራት ደስ ይለኛል፤ ማዕዘኑ ወይም መለኪያው ከተዛባ ወዲያው ታስታውቃለች።

በአንድ ፋይብሪል ስንት ሰንሰለት? ለረጅም ጊዜ 36 ሲባል ኖሯል። ሴሉሎስ የሚሠሩት ኢንዛይሞች ሕዋሱ ሽፋን ላይ ስድስት ጉብታ ያለው ሮዜት ሠርተው ነው የሚቀመጡት። እያንዳንዱ ጉብታ ስድስት ኢንዛይም አለው፣ አንዱ ኢንዛይም አንድ ሰንሰለት ይሠራል ከተባለ 36 ይመጣል። አሁን ግን ሚዛኑ ወደ ሦስት አጋድሏል፤ በ2020 የታተመው የፖፕላር ዛፍ ሴሉሎስ ሠሪ ኢንዛይም መዋቅርም ሦስት ሦስት ሆኖ የተጣመረ ነው። ስድስት ጊዜ ሦስት፣ 18።

18ቱን መደርደሪያው መንገድ ብዙ ነው። በየንብርብሩ ባለው የሰንሰለት ብዛት 3-4-4-4-3 አለ፣ 2-3-4-4-3-2 አለ። ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ምክንያቱ ስድስት ጎን ያለው ቅርፅ ስለሚሰጠኝ ነው። ከላይና ከታች ውሃ የሚሸሸው ገጽ አለ፣ እሱ ሁለት ሁለት ሰንሰለት ብቻ ነው ያለው። በጎን በኩል ያሉት ሰፋፊ ገጾች ግን ሃይድሮክሲላቸውን ወደ ውጭ ያወጡ፣ ውሃ የሚወዱ ናቸው። የእኔ ዛይላን የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው።

እያንዳንዱን ሰንሰለት 40 ግሉኮስ አደረግኩት። ርዝመቱ 20.8 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። ሰንሰለት ውስጥ የገባ አንድ ግሉኮስ 21 አቶም አለው፤ 18 በ40 በ21 ሲባዛ 15,120። ውሃው ሲጨመር ከ60 ሺህ ያልፋል፤ አንድ ደህና ጂፒዩ (የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ) ያለ ችግር ይሸከመዋል።

ሐሙስ

ዛሬ ፎርስ ፊልድ። አቶሞቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ የሚነግረው የቁጥር ስብስብ ማለት ነው። ለስኳር ሦስት ጥሩ አማራጮች አሉ፤ ግላይካም06፣ ቻርም36 እና ግሮሞስ 56ኤ6 ካርቦ። ግላይካምን ያዝኩ። የማስኬደው ግን ግሮማክስ በተባለው ፕሮግራም ነው፤ ስለዚህ ፋይሉን አምበር ከተባለው ሌላ ፕሮግራም ቅርጸት መለወጥ ግድ ነው።

እዚህ ጋ በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሦስት ትስስር የተለያዩ አቶሞች መካከል ያለውን ግፊያ የአምበር የፕሮቲን ፎርስ ፊልዶች ይቀንሱታል፤ የኤሌክትሪኩን ለ1.2፣ የቫን ደር ቫልሱን ለ2.0 ያካፍሉታል። ግላይካም ግን አይቀንስም፤ ሁለቱም 1.0 ናቸው። ይሄ እንዲሁ የመጣ ምርጫ አይደለም። ስኳር ላይ ሃይድሮክሲሎቹ ተቀራርበው ስለሚቀመጡ ግፊያው ከተቀነሰ በካርቦን 6 (በግሉኮሱ ስድስተኛ ካርቦን) ላይ የተንጠለጠለው ክንድ ወደ የትኛው ጎን ማዘንበል እንደሚወድ ሚዛኑ ይናጋል። ለውጡን የሚሠራው ፕሮግራም የፕሮቲኑን ቁጥር ይዞ ቢመጣ ሲሙሌሽኑ (የአቶሞቹ እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የሚሰላበት ሩጫ) ያለ ምንም ቅሬታ ይሮጣል፣ ምስሉም ያምራል፣ ውጤቱ ግን የሌላ ሞለኪውል ውጤት ነው። ስለዚህ የአቶሞቹንና የትስስሮቻቸውን ዝርዝር የያዘውን የቶፖሎጂ ፋይል በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቼ ከላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች በዓይኔ አየሁ። ሁለቱም 1.0። ጥሩ።

ቀጥሎ ቻርጅ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል። ግላይካም ውስጥ ስኳሮች በሚጋጠሙበት ቦታ ሁሉ የ0.194 ሒሳብ አለ፤ አንዱ ጋ ሲጎድል ሌላው ጋ ይሞላል። ሰንሰለቱ በትክክል ከተጋጠመ ድምሩ ሙሉ ቁጥር ነው። የሴሉሎሱ ድምር ዜሮ መሆን አለበት፤ ሆነ። ዛይላኑ ሁለት ግሉኩሮኒክ አሲድ ስላለው ከዜሮ በታች ሁለት መሆን አለበት፤ እሱም ሆነ። ሁለት ሶዲየም ጨምሬ አስተካከልኩት። አሴቲል ቻርጅ የለውም፤ ያስቸግራል ብዬ ያሰብኩት እሱ ነበር፣ ግን ፎርስ ፊልዱ ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል ስላለው በቀላሉ ገባ።

ቅዳሜ

የኃይል ማሳነስና የማሞቅ ሥራው አለቀ። ብዙ የሚወራበት ነገር የለውም፤ በ2 ፌምቶ ሰከንድ እርምጃ፣ መጀመሪያ አቶሞቹን አስሮ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መፍታት።

የሚወራበት ነገር ጠመዝማዛው ነው። ፋይብሪሉን ጫፉና ጫፉ የተቆረጠ አድርጌ ውሃ ውስጥ ስለቀው ቀጥ ብሎ አይቆይም፤ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። ይህ ከብዙ ሰዎች ሲሙሌሽን የሚታወቅ ነገር ነው፣ ፋይብሪሉ በቀጠነ ቁጥር ደግሞ ጥምዘዛው ይብሳል። ሌላው መንገድ የሰንሰለቱን መጨረሻ በሳጥኑ ድንበር በኩል ከራሱ መጀመሪያ ጋር ማያያዝ ነው። ያኔ ፋይብሪሉ ማለቂያ የሌለው ይሆናል፤ መጠምዘዝም አይችልም።

የትኛው ይሻላል? ለእኔ ጥያቄ ሁለቱም ያስፈልጋሉ ብዬ ወስኛለሁ። ማለቂያ የሌለው ፋይብሪል ላይ ዛይላኑ ወለሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ የተቀጽላው አቀማመጥ የሚያመጣው ልዩነት ብቻውን ይታያል። የተቆረጠው ላይ ደግሞ ወለሉ ራሱ እየዞረ ስለሆነ ዛይላኑ አብሮ መዞር ይችል እንደሆነ ይፈተናል። ግድግዳው ውስጥ ያለው እውነተኛው ፋይብሪል ከአጠገቡ ካሉት ጋር ተጨናንቆ ስለሚኖር፣ ውሃ ውስጥ ብቻውን እንደሚንሳፈፈው በነፃነት አይዞርም ብዬ ነው የማስበው። ስለዚህ ዋናውን ንጽጽር ማለቂያ በሌለው እሠራለሁ። የሳጥኑ ግፊት በርዝመቱና በወርዱ ለየብቻ እንዲስተካከል አድርጌያለሁ፤ ካልሆነ ውሃው ሲጨመቅ ሰንሰለቱንም አብሮ ይጨምቀዋል።

እሑድ ማታ

ዛይላኑን ከማስቀመጤ በፊት ሴሉሎሱን ብቻውን ትንሽ ማየት ፈለግሁ። በተለይ ካርቦን 6 ላይ ያለውን ክንድ። ሦስት ማረፊያ አለው፤ ጂጂ፣ ጂቲ እና ቲጂ ይባላሉ። ውሃ ውስጥ የሟሟ ግሉኮስ በአብዛኛው ጂጂና ጂቲ ላይ ነው፣ ቲጂን አይወድም። ሴሉሎስ ክሪስታል ውስጥ ግን ሁሉም ቲጂ ናቸው።

አንዷን ለብቻዋ ይዤ ተከተልኳት። ከጎን ገጽ ላይ ያለች፣ በሰንሰለቷ መሃል አካባቢ የምትገኝ ግሉኮስ ናት። መጀመሪያ ቲጂ ላይ ሆና ኦክስጅን 6ዋ በአንድ ወገን ከአጠገቡ ሰንሰለት ኦክስጅን 3 ጋር፣ በሌላ ወገን ከገዛ ሰንሰለቷ ኦክስጅን 2 ጋር በሃይድሮጅን ትስስር ተይዛለች። ውሃ ሁለት ጊዜ ተጠግቶ ተመለሰ። ከዚያ የጎረቤቱ ትስስር ለቅጽበት ላላ አለ፤ ክንዱ ዞረና ጂቲ ላይ ተቀመጠ፤ ውሃው ክፍተቱ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። ከሥሯ፣ ሁለተኛው ንብርብር ላይ ያለችው ጎረቤቷ ግን ጭራሽ አልተነቃነቀችም።

ይህን ወድጄ ብቻ አይደለም የጻፍኩት፤ ከላቦራቶሪ መረጃ ጋር የሚገናኝ ነገር ስለሆነ ነው። በጠጣር ኤንኤምአር (የአቶሞችን ምልክት በማግኔት የሚያነብ ዘዴ) የተክል ሴሉሎስ ካርቦን 4 ሁለት ቦታ ላይ ነው የሚታየው፤ ፒፒኤም በሚባለው የምልክት ቦታ መለኪያ 89 አካባቢና 84 አካባቢ። ካርቦን 6ም እንዲሁ 65 እና 62። የመጀመሪያዎቹ የውስጠኞቹና የቲጂዎቹ ናቸው፤ ሁለተኞቹ ክንዳቸውን ያዞሩት፣ በአብዛኛው ገጽ ላይ ያሉት ናቸው። የእኔ ሞዴል ውስጡ ቲጂ እንደሆነ ቆይቶ ገጹ ወደ ጂቲና ጂጂ ከተለወጠ፣ በዚህ ረገድ ፎርስ ፊልዱን አምኜ መቀጠል እችላለሁ።

ማክሰኞ

ወደ ዋናው ጨዋታ ገባን።

ዛይላን ከሴሉሎስ ጋር አንድ ዓይነት ትስስር ነው ያለው፣ ቤታ 1፣4። ልዩነቱ ዛይሎስ ያ ካርቦን 6 የለውም። በዚህ ምክንያት ሰንሰለቱ ልል ነው። ውሃ ውስጥ ብቻውን ሲሆን በእያንዳንዱ ስኳር 120 ዲግሪ ገደማ እየዞረ ሦስተኛው ላይ ዙሩን ይጨርሳል፤ ባለሦስት እርምጃ ልበለው። ሴሉሎስ ግን ባለሁለት እርምጃ ነው፤ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ። ዛይላን ሴሉሎስ ላይ እንዲለጠፍ እሱም መጀመሪያ ባለሁለት እርምጃ መሆን አለበት። በ2016 የታተመው የአራቢዶፕሲስ (ለምርምር የሚውል ትንሽ ተክል) ጠጣር ኤንኤምአር ሥራ ይሄንን በቀጥታ አሳይቷል፤ ሴሉሎስ ላይ ያለው ዛይላን ካርቦን 4 ወደ 82 ፒፒኤም ሲሄድ ባለሦስት እርምጃው 77 አካባቢ ነው የሚቀረው።

ሲሙሌሽን ውስጥ ይህን የምለካው በየመጋጠሚያው ባሉ ሁለት የጥምዘዛ ማዕዘኖች ነው፤ ፋይና ፕሳይ። ፋይን ከቀለበቱ ኦክስጅን ጀምሮ፣ ፕሳይን እስከ ካርቦን 5 ከለካሁ ድምራቸው ባለሁለት እርምጃ ላይ 120 ዲግሪ አካባቢ፣ ባለሦስቱ ላይ 190 አካባቢ ነው። አንድ ቁጥር ለአንድ መጋጠሚያ። በጣም የምወደው መለኪያ ነው፤ ምስል ሳላይ የሰንሰለቱን ሁኔታ ከአንድ ግራፍ አነባለሁ።

አሁን አቀማመጡ። ሰንሰለቱ ባለሁለት እርምጃ ሲሆን ስኳሮቹ አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ እየዞሩ ይሄዳሉ። ውሃ በሚወደው ገጽ ላይ ዛይላኑ በጠርዙ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የአንደኛው ስኳር ኦክስጅን 2ና 3 ወደ ሴሉሎስ ሲያይ የሁለተኛው ወደ ውሃ ያያል፤ ሦስተኛው እንደገና ወደ ሴሉሎስ። ተቀጽላዎቹ የሚሰኩት በእነዚሁ ኦክስጅኖች ላይ ነው! ሁሉም ተቀጽላዎች በተጋማሽ ቁጥር ልዩነት ከተቀመጡ፣ ማለትም በ2፣ በ6፣ በ8፣ ሁሉም በአንድ ወገን ወደ ውሃው ይወጣሉ፤ ሌላው ወገን ንጹሕ ሆኖ ለሴሉሎስ ይተርፋል። አንዱ በጎዶሎ ልዩነት ከመጣ ግን በሴሉሎስና በዛይላን መካከል ይገባል። ተክሉም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ አራቢዶፕሲስ አብዛኛው ዛይላኑ ላይ አሴቲልን አንድ እየዘለለ ያስቀምጣል፤ ግሉኩሮኒክ አሲዱንም በተጋማሽ ልዩነት። ሁለት የተለያዩ ተቀጽላዎች፣ በተለያዩ ኢንዛይሞች የሚጨመሩ፣ አንድ ወገን ይዘው መገኘታቸውን ሳስብ ሥራውን የማቆም ፍላጎት የለኝም።

ሦስት ዛይላን ሠራሁ፤ ሁሉም 24 ዛይሎስ ናቸው። የመጀመሪያው ተጋማሽ ነው፤ ግሉኩሮኒክ አሲዶቹ በ8 ልዩነት፣ አሴቲሎቹ አንድ እየዘለሉ። ሁለተኛው ያንኑ ያህል አሴቲልና ያንኑ ያህል አሲድ አለው፤ ነገር ግን ግማሾቹን አሴቲሎች አንድ ስኳር ገፋ አደረግኳቸው። የአቶሙ ብዛት አንድ ነው፣ ክብደቱ አንድ ነው፣ ቻርጁ አንድ ነው። ሦስተኛው ራቁቱን፣ ምንም ተቀጽላ የሌለው። ሁሉንም በአንድ ቦታና በአንድ ቅርፅ ገጹ ላይ አስቀምጬ፣ እያንዳንዱን በተለያየ የመነሻ ፍጥነት ደጋግሜ ለቀቅኩ። አንድ ሩጫ ብቻ አይቶ መፍረድ ለእንዲህ ዓይነቱ ልል ሰንሰለት አይበቃም።

ዓርብ

ግራፎቹ መጡ።

ተጋማሹ ከሁለቱ ጫፎቹ በስተቀር 120 አካባቢ ተቀምጧል። ጫፎቹ ይነሳሉ ይቀመጣሉ፤ የሚጠበቅ ነው። ራቁቱም ተቀምጧል። ገፋ የተደረገው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ወደ ሴሉሎስ የዞረ አሴቲል ያለበት እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሰንሰለቱ ከገጹ ይነሳል፤ በግራና በቀኝ ያሉት መጋጠሚያዎች ወደ 190 ይሄዳሉ። እንዲህ ዓይነት ሁለት ቦታ ከተቀራረበ በመካከላቸው ያለውም ቁራጭ አብሮ ይለቃል፣ ሥሩ ውሃ ይገባል፤ የሃይድሮጅን ትስስሮቹ አንድ በአንድ ይረግፋሉ።

ከቅርብ ሲታይ ደስ የሚል ዝርዝር አለ። የተጋጨው አሴቲል መጀመሪያ ለመሸሽ ይሞክራል፤ ራሱን ወደ ጎን ያጋድማል፤ ለጥቂት ጊዜም ከገጹ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆያል። ግን እሱ የያዘው ቦታ የኦክስጅን 3 ትስስር የነበረበት ስለሆነ ስኳሩ የሚይዘው አጣ። መጨረሻ ላይ የሚዞረው ስኳሩ ራሱ ነው። አንዴ ስኳሩ ከዞረ አሴቲሉ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሰንሰለቱ ግን እዚያ ቦታ ላይ ባለሁለት እርምጃ አይደለም።

በ2017 የታተመው ሥራ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ኢኤስኬ1 የተባለው ጂን የተበላሸበት አራቢዶፕሲስ የአሴቲሉ ሥርዓት ይናጋል፤ በኤንኤምአር ሲታይ ዛይላኑ ሴሉሎስ ላይ አይለጠፍም። የሚገርመው እዚያ ተክል ውስጥ አሴቲሉ በጠቅላላ የቀነሰ ነው። ተቀጽላ ቀንሶም መለጠፍ አልቻለም። ብዛት ቢሆን ኖሮ ተቃራኒውን ነበር የምንጠብቀው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል፤ የእኔ ሲሙሌሽን የሚያሳየው የተቀመጠው እንደሚቆይ ወይም እንደሚለቅ ነው። ከውሃ ውስጥ ተነስቶ፣ ከባለሦስት ወደ ባለሁለት ተለውጦ፣ መጥቶ መለጠፉን አያሳይም። ያ በእኔ ሩጫዎች ርዝመት የሚጠበቅ ነገር አይደለም፤ በኃይል እየጎተቱ ነፃ ኃይሉን መለካት ይፈልጋል። ወጪው ትልቅ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ እሠራዋለሁ።

ሰኞ

ያልጠበቅኩት አይደለም ግን ማረጋገጥ የነበረብኝ፤ ውሃ የሚሸሸው ገጽ። እዚያ ላይ ዛይላን በጠርዙ አይቆምም፣ በሆዱ ይተኛል። ተቀጽላዎቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚወጡ ተጋማሽም ሆነ ጎዶሎ ከገጹ ጋር ብዙም አይጋጩም። የገፋሁትን ዛይላን እዚያ አስተኛሁት። ከጎን ገጽ ላይ እንዳደረገው ዓይነት መነሳት አላሳየም፤ በርካታ መጋጠሚያዎች ባለሁለት እርምጃ ሆነው ቆዩ።

ስለዚህ መልሴ ላይ ገደብ መጨመር አለብኝ። አቀማመጡ የሚወስነው ውሃ በሚወደው ገጽ ላይ ነው። እንግዲህ ተክሉ ሥርዓቱን ይህን ያህል የሚጠብቀው ለምንድን ነው ቢባል የእኔ ግምት ከቦታ ስፋት ጋር የተያያዘ ነው፤ 2-3-4-4-3-2 ላይ ውሃ የሚሸሸው ገጽ ከላይ ሁለት ሰንሰለት፣ ከታች ሁለት ሰንሰለት ብቻ ነው፤ የቀረው ዙሪያ ሁሉ የሌላኛው ነው። ይህ ግን በድርደራው ላይ የተንጠለጠለ ክርክር ነው። በ3-4-4-4-3 የላይኛው ገጽ ሦስት ሰንሰለት ይሆናል፤ ሚዛኑም ይለወጣል።

ስለዚህ ቀጣዮቹ ሩጫዎች በዚያ ድርደራ ናቸው፤ ያው ሦስት ዛይላን፣ ያው ፎርስ ፊልድ፣ ሁለቱም ገጽ። ከእነሱ ጎን አራተኛ ዛይላን ጨምሬያለሁ፤ አሴቲሎቹ ተጋማሽ ሆነው አንደኛው ግሉኩሮኒክ አሲድ ብቻ በ7 ልዩነት የተቀመጠበት። አሲዱ ከአሴቲል የሚበልጥና ቻርጅ ያለው ስለሆነ አንዱ ብቻውን ስንት መጋጠሚያ እንደሚያስለቅቅ ማወቅ እፈልጋለሁ። ፋይሎቹ ተዘጋጅተዋል፣ የቻርጁ ድምር ተረጋግጧል፤ የመጀመሪያው እየሮጠ ነው።